መጋላ ማለት ከተማ ማለት ነው

ነገሩ የጀመረው በአንድ ወረቀት ነው። ሥዕል የምትማረው የእህቴ ልጅ በጥር ወር የጥቂት ቀናት ዕረፍት አገኘችና «ጋሼ፣ ድሬ ዳዋን ላያት ነው። ሙዚየም ለሙዚየም መዞር አልፈልግም፤ ሥዕል፣ ምግብና ሰፈር ይበቃኛል። እስቲ የሦስት ቀን ዕቅድ አውጣልኝ» አለችኝ። ድሬ ተወልዶ ላደገ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ልመና አይደለም፤ ድግስ ነው። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ጽፌ ጨረስኩ። ደግሜ አነበብኩት። ወደድኩትም።

እሷ ግን ካርታ አውጥታ የጻፍኳቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ፈለገቻቸው። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ከወንዙ ወዲህ ነው። ማዶ ሰው የለም እንዴ?» አለች።

የነገር አልነበረም፤ የዋህ ጥያቄ ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዚያ ወረቀት ሂስ ነው። ደራሲውም እኔ፣ ሃያሲውም እኔ በመሆኔ የሚቀየመኝ ሰው አይኖርም፤ ቢኖርም እዚሁ እቤት ነው።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «አንደኛ ቀን፦ ባቡር ጣቢያ፤ የከዚራ ጎዳናዎች በእግር፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና፤ ማታ ራስ ሆቴል። ሁለተኛ ቀን፦ ሐረር ደርሶ መልስ። ሦስተኛ ቀን፦ ዕረፍት፣ ጭማቂ፤ ጊዜ ከተረፈ ገበያ።»

አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከሦስቱ ቀን አንዱን ሙሉውን ለሐረር ሰጥቻለሁ። የውጭ አገር የጉዞ መጻሕፍት ድሬን በአንድ ገጽ ሸኝተው ወደ ሐረር ሲጣደፉ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ! «እዚህ እደሩ፤ ነገ ሐረር ትገባላችሁ» ዓይነት ነው ነገራቸው። እኔ የድሬው ልጅ በምን ተሻልኳቸው? ሐረር የራሷን ጉዞ ትፈልጋለች፤ ጀጎል በግማሽ ቀን ታይቶ አያልቅም። ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ የድሬ ተቀጥላ አድርጎ መጻፍ ሁለቱንም መናቅ ነው። የባሰው ጥፋት ግን «ጊዜ ከተረፈ» የምትለዋ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለው ከተማ እንዳለ ተጠቅልሎ የገባው እዚያች ሁለት ቃል ውስጥ ነው።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ልሁን እንጂ ሐሳቡ የእኔ ብቻ አይደለም። ድሬ ዳዋ በተነሳች ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ የሚወራ አንድ የታወቀ ወግ አለ። ጥላ የጣለ ዛፍ፣ ቀጥ ያለ ጎዳና፣ ብስክሌት፣ ስስ ልብስና ነጠላ ጫማ፣ «አቦ» እና «ወሪያ»፣ ዘርና ሃይማኖት የማይጠይቅ ጉርብትና፣ ማታ ማታ ነፋሻ በረንዳ። ውሸት የለበትም። አድጌበታለሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር የከዚራን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ። የወጉ ችግር ድልድዩን አለመሻገሩ ነው። ከጣቢያው ይነሳና ደቻቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው «መጋላ ደግሞ ገበያው ነው» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል።

እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ውል የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ሐረር የተቀመጠችበት ደጋ ግን ለባቡር አልመች አለ። መሐንዲሶቹ ዳገቱን ትተው ከግርጌው ሜዳ ላይ ቀሩ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰባት ያቺ ሜዳ መጀመሪያ የወጣላት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ከተማይቱ ገና ከልደቷ በሌላ ከተማ ስም ተጠራች ማለት ነው፤ የእኔም ወረቀት ሁለተኛውን ቀን ለሐረር ሲሰጥ የወረሰው ይህንኑ አመል ሳይሆን አይቀርም። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተክቶ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ 1909 ዓ.ም. ሆነ። በመካከሉ ለረጅም ጊዜ የመስመሩ ጫፍ ድሬ ነበረች። ዕቃው እዚያ ይራገፋል፤ ከዚያ በግመልና በበቅሎ ይጫናል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰው በአንድ ቦታ ሰፈረ። ኩባንያው ለጽሕፈት ቤቱና ለሠራተኛው ከወንዙ በአንደኛው ወገን በማስመሪያ የተሰመረ ሰፈር ቀየሰ። ከዚራ ይኸው ነው። ነጋዴው፣ ግመል ነጂው፣ ተሸካሚው፣ ከዐረብና ከሕንድ የመጣው ባለ ሱቅ ደግሞ በማዶ እግሩ በወሰደው መንገድ እየጠመዘዘ ቤቱን ሠራ። መጋላ ያ ነው። አንዱ ተጽፎ የተሠራ፣ ሌላው እየተሠራ የተጻፈ ሰፈር ነው ልበል? ይህ የእኔ የጸሐፊ ቅብጠት ነው፤ እለፉት።

ቃሉን ግን አትለፉት። «መጋላ» በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከተማ ማለት ነው። እኛ የከዚራ ልጆች «ከተማው» የምንለው ከዚራን ነበር፤ ማዶው ገበያ ብቻ ነበር ለእኛ። የማዶ ሰዎች በበኩላቸው የራሳቸውን ሰፈር ከተማ ብለው ከጠሩት አንድ ዕድሜ አልፎታል። ይህን ቃል ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስጠራው ኖሬ ትርጉሙን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። እሷም የሰማችው ባጃጅ ከነዳልን ጎረምሳ ነው። አዎን፣ በመጨረሻ ተከትያት ሄጄ ነበር፤ የወረቀቱን ዕዳ በአካል ልክፈል ብዬ።

ደቻቱን የማያውቅ አንባቢ ወንዝ ሲባል ውሃ ይታየው ይሆናል። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ወራት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ግመል ያልፍበታል፤ ሰው ድልድዩን ትቶ በእግሩ አቋርጦት ይሄዳል። ውሃው የሚመጣው ላይኛው ደጋ ሲዘንብ ነው። ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በሌሊት የመጣው ግን ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ።

ያን ጊዜ የምኖረው አዲስ አበባ ነበር። ወሬውን በሬዲዮ ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ አንዲት ሴት ናት። ልጅ ሳለን ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ ፈቲራ ይዛ ትመጣ ነበር። «አዴ» እንላታለን፤ እናት እንደማለት ነው። ትኩሱን ከመሶቧ አውጥታ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልላ ታቀብለናለች፤ ፍራንክ ባይኖረን «ነገ» ትላለች። ስንት ዓመት የእጇን በላሁ! ከድልድዩ ማዶ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ከየትኛው ሰፈር እንደምትመጣ ግን አላውቅም። ስሟንም አላውቅም። ወደ ድሬ ስልክ ደውዬ ላጠያይቅ ፈልጌ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጠፋኝ። ድሬ ውስጥ «አዴን አያችኋት?» ማለት «የሰው እናት አያችሁ?» ማለት ነው። ዛሬም ድረስ ምን እንደሆነች አላወቅሁም፤ ጎርፉ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት በሰላም አርጅታ አልፋም ይሆናል። ነገር ግን «ጉርብትና» የሚለውን የወጋችንን ውብ ምዕራፍ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አፌን ሞልቼ ማውራት አቅቶኛል።

ወደ ዕቅዱ ልመለስ። የወረቀቱ ሌላው ስህተት ቦታ ቆጥሮ ሰዓት አለመቁጠሩ ነው። ድሬ የተቀመጠችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ነው። ከደንገጎ ሽቅብ ያለው ሰው ጋቢ ደርቦ ሲያመሽ የድሬ ሰው በሽርጥ ይውላል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደግ ወቅት ነው፤ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ግን እንግዳን አይምሩም። በደጉ ወር እንኳ ከተማው ከቀትር እስከ ዘጠኝ አሥር ሰዓት ድረስ ይተኛል። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ አዲስ አበባ ስኖር ሰዓቱ ከሰውነቴ ወጥቶ ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ልክ በ7 ሰዓት ቀፊራ ገበያ ይዣት ሄድኩ። ቅስቱን በር አልፈን ገባን። ሰው የለም። ሸራ የለበሱ መደቦች፣ አንድ ድመት፣ ከጆንያ ክምር ላይ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ የተኛ ሰውዬ። «ጋሼ፣ ገበያው ይኼ ነው?» አለችና ቁጭ ብላ ሰውየውን ሣለችው። ከጉዞው ሁሉ ጥሩ የሆነላት ሥዕል ያ መሆኑ ይገርመኛል።

የቀትሩን ጸጥታ ለሙቀቱ ብቻ መስጠት ግን አይገባም። ጫት ከአወዳይ በኩል በየቀኑ ይገባል፤ ከምሳ በኋላ በርጫ አለ። የድሬን ወግ የሚያወሩ ሰዎች ወይ ይህን ፈጽመው ይደብቁታል፣ ወይ ሌላ ወሬ የለ ይመስል እሱን ብቻ ያወራሉ። እኔ አልመክረውም፤ ሐኪምም ሰባኪም ስላይደለሁ አልገስጽበትምም። ግን ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የሚይዝ እንግዳ ሰውየው ለምን እንደማይመጣ ሊያውቅ ይገባል።

የድሬ ቀን እንግዲህ ሁለት ቀን ነው። አንዱ ከንጋት እስከ አምስት ሰዓት፣ ሌላው ከአሥር ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። በዚህ ሒሳብ የሦስት ቀን ጎብኚ ስድስት ቀን አለው፤ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን ካወቀ ግማሽ ሥራውን ጨረሰ።

ከስድስቱ የመጀመሪያው የሆድ ይሁን። በማግስቱ ማለዳ በ1 ሰዓት ያንኑ ቀፊራን ያየ ሰው ቦታው አንድ መሆኑን ይጠራጠራል። ከገጠር የመጡት የኦሮሞ ሴቶች ከነጭነታቸው ተደርድረዋል። የሶማሌ ሴቶች የግመል ወተት ይዘዋል፤ ወተቱ ዕቃው ከታጠነበት ጢስ የተነሳ የሚያጨስ ሽታ አለው፤ መጀመሪያ ሲቀምሱት ግር ይላል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ይናፍቃል። ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጊሽጣ፣ ዘይቱና፣ ፓፓያ፣ ቅመም። አንዲት ሻጭ ከአንዷ ጋር በኦሮምኛ ተከራክራ፣ ሌላዋን በሶማሊኛ ሸኝታ፣ ለእኛ በአማርኛ ዋጋ ስትነግር ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። የሽቲዎቹ ቀለም ብቻ ለሥዕል ተማሪ አንድ ዓመት ይበቃል።

ቁርስ ፈቲራ ነው። ሊጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይዘረጋል፤ እንቁላል ተመትቶ ይገባበታል፤ ተጣጥፎ ብረት ምጣድ ላይ ይጠበሳል፤ ማር ከላይ። አዲስ አበባም ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ይሠራል፤ በሹካ ይበላል። ድሬ ላይ በእጅ ነው፤ ወፍጮና ዘይት በሚሸትበት መንገድ ዳር፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ። ከዚያ ለሆህ በሻይ፣ ወይም ሑልበት፤ ሑልበት ከአብሽ ተመትቶ የሚሠራ ነው፣ ምሬቱን የሚወድ ሰው አገኘሁ ይላል። ከቡና ገለባ ወይም ከቅጠሉ ከወተት ጋር የሚፈላውን ሆጃ የሐረርጌ ሰው ካልጋበዛችሁ ፈልጋችሁ ጠጡ። ባጊያና ሳንቡሳ የማታ ናቸው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ በየማዕዘኑ ዘይቱ ይንጫጫል።

ምሳ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋ አዘዝን። ከሩዙ ጋር አንድ ሙዝ መጣ። የእህቴ ልጅ ለኋላ ብላ ሙዙን ገሸሽ አደረገችው። አስተናጋጁ አየና ሳቀ፤ ተመልሶ መጥቶ፣ «እህቴ፣ እሱ አብሮ ነው» ብሎ ሙዙን ላጠና ሩዙ ላይ ቆራረሰላት። ቀመሰች። ዝም አለች። ደግማ ቀመሰች። እኔ የድሬው ልጅ ይህን ለምን አልነገርኳትም? እኛ ቤት ሩዝ በሙዝ አይበላም ነበር። ከዚራ ነዋ! እኛ ማካሮኒ ነው የምንበላው።

ምግቡን ተከትሎ የሄደ ሰው ሰፈሩን ሳያስበው ያየዋል፤ ለዚህ ነው ከሥዕል በፊት ያስቀደምኩት። ከቀፊራ ወጥተን ቅጥቅጥ ያለውን ሕዝብ እየገፋን ታይዋን ደረስን። ታይዋን ከድንበር ማዶ በሚመጣ ዕቃ የታወቀ ገበያ ነው፤ ስሙ ራሱ ስለ ዕቃው ይናገራል። በመንገዱ የእንጨት በረንዳቸው የተንጋደደ አሮጌ ፎቆች አሉ። የዕብነ በረድ ጽሑፍ የላቸውም፤ ማንም ስለ እነርሱ አያስጎበኝም። ታችኛው ክፍል ሱቅ ነው፤ ላይኛው ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆመች። እኔ ጥላ ፍለጋ ሻይ ቤት ገባሁ።

አሁን ወደ ሥዕሉ። «ድሬ ውስጥ ሥዕል የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ ከከተማው በስተ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዚያው ከደቻቱ በላይ፣ ገራድ ኤረር በሚባለው ኮረብታ ላይ ነው። ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ ብለውታል፤ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ዋሻውን ለጥናት ያወቁት ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች ናቸው፦ አንዱ ጀብደኛው ደራሲ አንሪ ደ ሞንፍሬድ፣ ሁለተኛው ቄስና የጥንተ ሕይወት ተመራማሪ የሆነው ፒየር ቴያር ደ ሻርደን። ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ሥዕሎች አሉ። ትልቁ ነገር ግን ከመሬቱ ውስጥ የወጣው ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተካሄደው ቁፋሮ የተገኘውን ቀይ የቀለም አፈር መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙ ባለሙያዎች 4,213 ቁራጭ ቆጥረዋል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ። ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት። የሚፈጭበት ድንጋይ አብሮ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀኝ አንዲት ድቡልቡል ጠጠር ናት፤ ግማሽ ጎኗ ቀለም ውስጥ ተነክሯል፤ ምናልባት እንደ ማኅተም ቆዳ ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ላይ ይረግጡባት ነበር ይላሉ አጥኚዎቹ።

ይህን ለእህቴ ልጅ ዳገቱን ስንወጣ፣ በየአሥር እርምጃው እያረፍኩ ነገርኳት። ዋሻው አፍ ላይ ደርሰን ተቀመጥን። ከታች ደቻቱ ደርቆ ተጋድሟል፤ ራቅ ብሎ ከተማው፣ የዚህኛውም የዚያኛውም ወገን ቆርቆሮ አንድ ላይ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ላይ ሆኖ የትኛው ከዚራ፣ የትኛው መጋላ እንደሆነ ለመለየት ዛፉን መፈለግ ያሻል። «ጠጠሯ የት ናት?» አለች። አዲስ አበባ አልኳት። «እኔ ከአዲስ አበባ ነው እኮ የመጣሁት!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አላሳቀኝም። የቅርስ ጥበቃ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ዋሻ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ነገር ግን አርባ ሺህ ዓመት የቀለም ታሪክ ያላት ከተማ ልጆች «ድሬ ምን ጥበብ አላት?» ሲባሉ የባቡር ጣቢያ ብቻ የሚጠቁሙ ከሆነ፣ እኔንም ጨምሮ፣ አንድ ሰው ሥራውን አልሠራም።

ፈቃድና መንገድ መሪ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ውሃ መያዝም። አንድ ሙሉ ጧት ያለው ሰው ደግሞ በስተ ደቡብ ምዕራብ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለገ ኦዳ የሚባል የዐለት መጠለያ አለለት፤ የሾላው ሸለቆ ማለት ነው። ሻኛ የሌላቸው፣ ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶች በዐለቱ ላይ ተሥለዋል። እኛ ጊዜ አጠረን። በዚህ አላዝንም፤ ድሬ ስድስት ቀን ብቻ ነው ያላት።

ዓይን ከደከመ ጆሮ አለ። አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮሞ የሙዚቃ ቡድን የተነሳው ከድሬ ዳዋ ነው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኦሮምኛ ዘፈን መድረክ በማያገኝበት ዘመን። አሊ ቢራ በልጅነቱ የተቀላቀለው ይህንን ቡድን ነው፤ «ቢራ» የሚለውን ስም ያገኘውም እዚያ ከዘፈነው ዘፈን ነው። በኋላ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛም ዘፍኗል፤ የቀፊራዋን ሻጭ የሰማ ሰው ይህን ሁሉ ቋንቋ ከየት አመጣው ብሎ አይጠይቅም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሞት የተቀበረው በዚያችው በተወለደባት ከተማ ነው። የከዚራው ወግ ሲተረክ ስለ ፈረንሳይ ዳንስና ስለ ሸክላ ማጫወቻ ብዙ ይሰማል። አፍራን ቀሎ ግን አይነሳም። እኔም አላነሳሁትም፤ ወረቀቱ ምስክሬ ነው። ልጅ ሳለሁ ያ ዘፈን ማታ ማታ ከነፋሱ ጋር ወንዙን ተሻግሮ ይመጣ ነበር፤ «የማዶ ዘፈን» ነበር ስሙ። ጥሩ ዘፈን መሆኑን የነገረኝ ጆሮዬ ነው፤ ማን እንደሚዘፍነው ለመጠየቅ ግን ስንት ዓመት ፈጀሁ።

እንዲህ ስል ከዚራን ይጥፋ እያልኩ አይደለም። የተገላቢጦሽ ወግ መጻፍ ቀላል ነው፤ ያም ግማሽ ከተማ ነው። አሥር ሰዓት ላይ፣ ጥላው ሲረዝም፣ ጣቢያው ፊት የቆመ ሰው የከዚራን ውበት መካድ አይችልም። የቆምነው እዚያ ነበር። ግንባሩ ላይ ያለውን የፈረንሳይኛ ጽሕፈት አነበብኩላት። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲወጡ ባቡራቸው ያለፈው በዚሁ ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት በሰዓቱ የሚገባበትን በር አሳየኋት። ባቡሩ ከአዲስ አበባ መምጣቱን ካቆመ ከ2000ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ ወዲህ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ሐዲድ፣ ሌላ ጣቢያ አለው፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በሐዲድ የተወለደች ከተማ ሐዲዱ በዳርቻዋ ሲያልፍ ምን እንደሚሰማት አላውቅም። ሽማግሌ ሠራተኞችን ብትጠይቋቸው ግን አሁንም «ሽሚን ደ ፈር» ነው የሚሉት፤ የባቡሩን ሰዓት በቃላቸው ይነግሯችኋል።

ስለ ዛፎቹ አንድ ነገር። በአማርኛ «የድሬ ዳዋ ዛፍ» የሚባለው፣ ሙቀቱ ሲበረታ ቀይ አበባው የሚንቦገቦገው ዛፍ የመጣው ከማዳጋስካር ነው። ባዕድ ሆኖ መጥቶ የከተማይቱን ስም ወረሰ። የእህቴ ልጅ ሣለችው፤ በጥር አበባ ስለሌለው ፍሬውን፣ ያን ረጅም ጥቁር ሰይፍ የሚመስለውን። ቀዩን ቀለም ከየት እንደምታመጣው ስጠይቃት፣ «ከዋሻው» አለች።

አዲሱን ዕቅድ እነሆ፤ ለመሄድ ላሰበ። ማረፊያ የፈለጋችሁበት ይሁን፤ የታኅሣሥ 19 እና የሐምሌ 19 ሰሞን ግን የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ አልጋውን ሁሉ ስለሚይዝ አስቀድማችሁ ካልያዛችሁ አትሞክሩት። የመጀመሪያው ጧት ቀፊራ፣ በባዶ ሆድ። ማታውን መጋላን ያለ ካርታ፤ መንገዱ ቢጠፋችሁ ቁልቁል ውረዱ፣ ደቻቱ ያወጣችኋል። ሁለተኛው ጧት ዋሻው፤ ፀሐይ ሳይከር ታች መሆን አለባችሁ። ማታውን ከዚራ፤ የመጣችሁበትን ድልድይ በእግራችሁ ተሻግራችሁ፣ ከማዶ ወደዚህ። በዚህ አቅጣጫ ሲገቡባት ከዚራ ሌላ ናት። ሦስተኛውን ጧት ክፍት ተዉት፤ እኔ ፈቲራ ከሚሸጡ ሴቶች አጠገብ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። ለአንዷ የአዴን ነገር አነሳሁላት። «የትኛዋ አዴ?» አለችኝ። አሁንም መልስ አልነበረኝም። ያለሁበትን የሰፈር ስም ግን በማስታወሻዬ ጻፍኩ።

ሙሸበክ ሳትገዙ አትመለሱ። ብርቱካናማ ሆኖ እንደ መረብ የተጠላለፈው፣ ሽሮፕ የጠጣው ጣፋጭ ነው። በላስቲክ አታስይዙት፤ በመኪና አዋሽ ሳትደርሱ ሽሮፑ ሻንጣችሁ ውስጥ ነው። በካርቶን ይታሰርላችሁ፣ ከሥር ወረቀት ይነጠፍበት። የእኛው በላስቲክ ነበር። የሥዕል ደብተሯ ሦስት ቅጠል ተጣበቀ፤ ጆንያ ላይ የተኛው ሰውዬ ግን ተርፏል።